መጀመሪያ ውሃ ይጣዳል

የምግብ ማብሰል ውድድር በቴሌቪዥን ስመለከት ድምፁን አጠፋለሁ። ከምሽት ፈረቃ ወጥቼ ቤት ስደርስ እኩለ ሌሊት ያልፋል። እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ፣ ድምፅ የሌላቸው ሼፎች ከሰዓት ጋር ሲሯሯጡ አያለሁ። ባለቤቴ አንዳንዴ ከእንቅልፏ ትነቃና «ሳትሰማ ምኑን ነው የምታየው?» ትለኛለች። እጃቸውን ነው የማየው። ሙዚቃው ማን እንደሚሸነፍ አስቀድሞ ያሳብቃል። ተወዳዳሪው ለብቻው ተቀምጦ የሚናገረውም ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ የተቀዳ ነው። እጅ ግን በዚያች ደቂቃ የሆነውን ብቻ ያሳያል።

የመጀመሪያዋ ደቂቃ በተለይ አታመልጠኝም። የሚበስለው ነገር የተደበቀበት ሳጥን ተከፍቶ ካሜራው በተወዳዳሪዎቹ ፊት ላይ ሲያተኩር፣ ከወደ ጥግ አንዱ ድስት ይዞ ወደ ቧንቧ ሲሄድ ይታያል። ምን እንደሚሠራ ገና አያውቅም፤ ውሃውን ግን ጥዷል፣ ኦቨኑንም አብርቷል። ያ ሰው የሥራ ሰው ነው። ውሃ በማንም ዝና ቶሎ አይፈላም። ስለዚህ ሰውየው የሚያስበው ውሃው እየሞቀ ነው። አጠገቡ ያለው ደግሞ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ቆሟል። የሚያስበው ነገር ግሩም ሊሆን ይችላል፤ ግን አራት ደቂቃ ዘግይቷል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የእህቴ ልጅ ነው። ባለፈው አብረን ስናይ፣ የራሱ ምግብ ቤት ያለው፣ ስመ ጥር የሆነ ሼፍ መሃሉ ጥሬ የሆነ ዶሮ ለዳኞች አቀረበ። ልጁ ሳቀና «አጎቴ፣ ይህ ሰው እውነት ባለሙያ ነው? እናቴ እንኳን እንዲህ አታደርግም» አለኝ። እናቱ በእርግጥም አታደርግም። እኔ ግን የሳቀበትን ሰው አዘንኩለት፤ ምን እንደ ጎደለው አውቃለሁና።

የጎደለው የጠዋቱ ሰው ነው። እንግዳ ወደ ምግብ ቤት ገብቶ ያዘዘው ነገር በአሥራ ሁለት ደቂቃ ሲደርስለት ሼፉ ፈጣን ይመስለዋል። ከዚያች አሥራ ሁለት ደቂቃ በስተጀርባ ግን የስድስት ሰዓት ሥራ አለ። አጥንቱ ሲፈላ አድሯል፣ ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ሶሱ ተጠልሎ በሙቅ ውሃ ላይ ተቀምጧል፣ ስጋው በግራም ተመዝኖ ተደርድሯል። እኛ ሼፎች በሙያችን የምንኮራው በዚህ ዝግጅት ነው፤ ቴሌቪዥን መጀመሪያ የሚነጥቀንም ይህንኑ ነው። ሪዞቶን፣ በመረቅ የሚበስለውን የጣሊያን ሩዝ፣ እንውሰድ። ሩዙ ጥሬ ከሆነ እስኪበስል ወደ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። ብዙ ምግብ ቤቶች ግን ጠዋት ሦስት አራተኛውን አብስለው፣ በሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግተው ያቀዘቅዙታል። ማታ ትዕዛዝ ሲመጣ በስድስትና በሰባት ደቂቃ ይጨርሱታል። ያን ሪዞቶ አሥር ዓመት ሙሉ በየማታው በሰባት ደቂቃ ሲያወጣ የኖረ ሰው ሃያ ደቂቃ ሲሰጠው «እንዲያውም ይተርፈኛል» ቢል ምን ይገርማል? እጁ የሚያስታውሰው ሰባቷን ደቂቃ ነው፤ ጠዋት ትሪውን የዘረጋውን ልጅ ረስቶታል። በስንት ውድድር ላይ ስንት ሼፍ በጥርስ በሚሰበር ሩዝ እንደ ወደቀ ቆጥሬ አልዘልቀውም።

«ቾፕድ» የተባለው የአሜሪካ ውድድር ከ2009 ጀምሮ (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው) በዚህ ወጥመድ ላይ ተመሥርቶ ቆሟል። አራት ሼፎች፣ ሦስት ዙር፣ በየዙሩ የማይገናኙ ነገሮች የታጨቁበት ዝግ ቅርጫት፣ ከየዙሩም አንድ ተሰናባች አለ። ለመግቢያ ምግብ 20 ደቂቃ፣ ለዋናው 30፣ ለጣፋጩ 30 ይሰጣል። በወረቀት ላይ የሚያስፈራ አይመስልም። እስቲ ሃያውን እንቀናንሰው። ቅርጫቱን ከፍቶ ማየትና መደንገጥ አንድ ደቂቃ ነው። ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ሮጦ፣ ያሰቡትን ሳይሆን ያገኙትን ታቅፎ መመለስ ሁለት ደቂቃ ይበላል። አራት ሳህን መሙላት፣ ለሦስቱ ዳኞችና ለካሜራ፣ በትንሹ ሦስት ደቂቃ ነው። ስጋ ካለበት ከእሳት ወርዶ ከመቆረጡ በፊት ማረፍ አለበት፤ አለበለዚያ ጭማቂው መክተፊያው ላይ ይቀራል፤ አራት ደቂቃ እንበል። ለማብሰል የቀረው አሥር ደቂቃ ነው። በዚህ ላይ መጥበሻው የሰው፣ ምድጃው የሰው፣ ጨው የት እንዳለ የማያውቁበት ወጥ ቤት ነው። በራሴ ወጥ ቤት ዓይኔን ጨፍኜ ጨው አነሳለሁ፤ ሰው ቤት ግን ጨው ፍለጋ ብቻ ግማሽ ደቂቃ ይሄዳል።

በነገራችን ላይ ሁሉም ውድድር እንዲህ አይደለም። ፈረንሳዊው ሼፍ ፖል ቦኩዝ በ1987 በሊዮን የመሠረተው «ቦኩዝ ዶር» አምስት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ነው። ተወዳዳሪዎቹም ወራት ሙሉ ደቂቃ በደቂቃ ተለማምደው ይመጣሉ። ያ የጠዋቱ ሰው ውድድር ነው፤ ክብሩ የተለየ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የቅርጫቱ ነው።

እናም አንድ ሰኞ ማታ፣ እንግዳ በሌለበት፣ ራሳችን ሞከርነው።

ከእኔ ሌላ ሦስት ነበሩ፦ የጣፋጭ ክፍሏ ልጅ፣ የጥብስ ክፍሉ ልጅ፣ እና ሳህን ከሚያጥቡት አንዱ፣ ዝምተኛ ሰው። እሱ «ማብሰል አልችልም» ስላለ ዳኛ አደረግነው። ቅርጫት ለሌላው እየሞላን፣ እያንዳንዳችን በየተራ ሠላሳ ደቂቃ ልንሠራ ተስማማን። ልጆቹ ጥሩ ሠሩ። የጥብሱ ልጅ ስኳሩን አሳርሮ ጣለው፣ ወዲያው ሁለተኛ ጣደ፣ ጨረሰ። ብዙም የማወራለት ነገር የለኝም፤ ሥራው ንጹሕ ነበር። የማወራው ስለ ራሴ ነው።

የእኔን ቅርጫት የሞላችው የጣፋጯ ልጅ ናት። ስከፍተው አንድ ሙሉ አናናስ፣ እርጎ፣ ጨዋማ ብስኩትና ቁንዶ በርበሬ አገኘሁ። እንዳየሁት ሳህኑ በዓይነ ኅሊናዬ ድቅን አለ። እርጎና አናናስ በጄላቲን ረግቶ፣ የሚንቀጠቀጥ ክብ፤ ሥሩ የተደቆሰ ብስኩት፤ ዳሩ ላይ ከቁንዶ በርበሬ ጋር መጥበሻ ላይ ያረረ አናናስ። በጣም ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያው ደስ ሲለኝ ነው።

አናናሱን ላጥኩ፣ ፈጨሁ፣ አጠለልኩ። ጄላቲኑን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፈዘፍኩ፣ ለብ ባለ እርጎ አሟሟሁ፣ የአናናሱን ጭማቂ ጨመርኩ፣ በቅርጽ ማውጫው ቀድቼ ፈጣን ማቀዝቀዣው ውስጥ አስገባሁ። ስምንት ደቂቃ ነበር የፈጀብኝ። በራሴ ፍጥነት ኮራሁ።

ጣፋጭ ምግብ የሠራ ሰው እዚህ ላይ ሳይስቅ አይቀርም። ጥሬ አናናስ ውስጥ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ፤ ብሮሜሌይን ይባላል። ጄላቲን ደግሞ ፕሮቲን ነው። ሁለቱ ከተገናኙ እስከ ነገ ማታ ብታቀዘቅዙት አይረጋም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጭማቂውን አስቀድሞ ማፍላት ነው፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። የቆርቆሮ አናናስ የሚረጋውም ተቀቅሎ ስለታሸገ ነው። ይህን አላውቅም ነበር? አውቃለሁ። እንዲያውም ለዚያችው ልጅ ሥራ ስትጀምር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሰዓቱ ሲቆጥር ግን ዕውቀቱ የት እንደ ገባ እንጃ።

አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ከፍቼ ነካሁት። ውሃ ነው። «ገና ነው» ብዬ ዘጋሁት። ልጅቷ ክንዷን አጣጥፋ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ከንፈሯን ነክሳለች። ለእኔ ጉጉት መስሎኝ ነበር።

ሃያ አራተኛው ደቂቃ ላይ እንደገና ከፈትኩ። አሁንም ውሃ። ያን ጊዜ ነው ብሮሜሌይን የሚለው ቃል ከተደበቀበት የወጣው፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ቢሆንም አልተውኩትም! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ቅርጹን ወደ ማቀዝቀዣው መልሼ በሩን ዘጋሁ፤ ለሁለት ተጨማሪ ደቂቃ። ኬሚስትሪ ለአሥራ ስድስት ዓመት የሥራ ልምዴ የሚራራ ይመስል። ከዚያ በኋላ የሆነው የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። በቀረችኝ ጊዜ ብስኩቱን ዘርጋ ባሉ ሳህኖች ላይ በተንኩ፣ ያረረውን አናናስ ደረደርኩ፣ ፈሳሹን ከላይ አፈሰስኩት። የሳህኑን ዳር አልፎ ጠረጴዛው ላይ ወረደ።

ሳህን አጣቢው ቀመሰ። ሁለተኛም ቀመሰ። ማንኪያውን አስቀምጦ፣ በጣም በትሕትና፣ «ሼፍ፣ ይጣፍጣል። ሾርባ ከሆነ ግን ለምን ጎድጓዳ ሳህን ላይ አላደረጉትም?» አለኝ።

ልጆቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሌሊቱን ግን ያቺ ጥያቄ አላስተኛችኝም። ሰውየው ትክክል ነበር። አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ «ይህ ሾርባ ነው» ብል ኖሮ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበረኝ። ጎድጓዳ ሳህኖቹን በረዶ ውስጥ እከት ነበር፤ ብስኩቱ እንዳይሟሟ በመጨረሻ እጨምረው ነበር፤ ቁንዶ በርበሬውን ፈሳሹ ውስጥ እዘፈዝፈው ነበር። ዕቃው ያው፣ ጣዕሙ ያው፤ የሚለወጠው ስሙ ብቻ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ውድድሮቹን የማይበት ዓይን ተለውጧል። ሼፎች ስም ሲለውጡ አያለሁ። ቅቤውና አስኳሉ የተለያየበት የሆላንዴዝ ሶስ «የሞቀ የቅቤ ማጣፈጫ» ይሆናል። ያልረጋ አይስክሬም «ቀዝቃዛ ክሬም» ይሆናል፤ ይህ በ«ቾፕድ» ጣፋጭ ዙር የታወቀ ነው፤ ትኩስ ቅልቅል በአንድ ማሽን ውስጥ ገልብጠው እንዲረጋ የሚጸልዩ ስንቶች ናቸው። የተሰበረ ኬክ ደግሞ «ሆን ተብሎ የተበታተነ» ይባላል። ዳኞቹ አንዳንዴ ይቀበላሉ፣ አንዳንዴ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ልዩነቱ የት እንደሆነ ድሮ አይገባኝም ነበር፤ አድልዎ ይመስለኝ ነበር። አሁን ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ እንደሆነ አምናለሁ። በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ የወጣ ስም ምግቡን ይለውጠዋል፤ ሳህኑ ይቀየራል፣ አሲዱ ይስተካከላል፣ የሚንኮሻኮሽ ነገር ይጨመርበታል። ዳኛ ፊት ቆሞ የወጣ ስም ግን ሰበብ ነው፤ ምላስ ደግሞ ሰበብን ይለያል።

ሼፎች ለምን ቶሎ አይለቁም? ከፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። ሥራችን አለመልቀቅን ስለሚያስተምረን ነው። በወጥ ቤት ውስጥ «ዛሬ ሶሱ እምቢ ስላለኝ ሌላ ነገር ሠራሁ» ማለት የለም። እንግዳው ያዘዘውን ነው የሚጠብቀው፤ ትናንት የበላው ዛሬም ያው መሆን አለበት። እንዲህ የተለያየ ሆላንዴዝ ቢያጋጥመኝ አዲስ አስኳል በሌላ ሳህን መትቼ፣ የተለያየውን በጠብታ በጠብታ እየጨመርኩ እመልሰዋለሁ እንጂ ስሙን አልለውጥም። ይህ ጽናት በሥራ ቦታ ደመወዝ ያስገኛል። ካሜራ ፊት ደግሞ ያስባርራል።

መልቀቅ ሲባል ሁሉንም መልቀቅ እንዳይመስል፣ የክሪስተን ኪሽን ነገር ላንሳ። «ቶፕ ሼፍ» በ2006 የተጀመረ የአሜሪካ ውድድር ነው፤ እሷ የተወዳደረችው በአሥረኛው ምዕራፍ፣ በሲያትል ነበር። ተወዳዳሪዎች በቡድን ሆነው ከባዶ ምግብ ቤት በሚከፍቱበት ዙር እሷ የቡድኑ ዋና ሼፍ ነበረች። የተበላሸው ምግብ የቡድን አጋሯ ሥራ ነበር። ዳኞቹ ፊት ስትቆም ጣቷን ወደ አጋሯ አልቀሰረችም፤ ኃላፊነቱን ወሰደች፤ ተሰናበተችም። ብዙ ተመልካች የዚያን ቀን ተናደደ። እኔ ደግሞ ድምፅ ያበራሁበት አንዱ ክፍል ይህ ነው፤ እጇ አልተንቀጠቀጠም፣ ድምጿስ? ብዬ። ከዚያ ለተሰናበቱ ሼፎች በሚዘጋጀው ጎን ለጎን ውድድር አንዱን ከሌላው እያሸነፈች ወደ ፍጻሜው ተመለሰችና የምዕራፉ አሸናፊ ሆነች። ከ2024 ጀምሮ የዚያው ውድድር አቅራቢ ናት። ምግቡን ለቀቀች፣ ቦታዋን ለቀቀች፤ ያልለቀቀችው ነገር ግን እዚያው ነበር።

በሌላው ጫፍ የ2000ው የኒውዮርክ ግጥሚያ አለ። «አይረን ሼፍ» በ1993 በጃፓን የተጀመረ ነው፤ አንድ ዋና ግብዓት፣ ስድሳ ደቂቃ፣ ሁለት ሼፍ። በዚያ ግጥሚያ አሜሪካዊው ሼፍ ቦቢ ፍሌይ ከጃፓናዊው ማሳሃሩ ሞሪሞቶ ጋር ተገናኘ፤ ግብዓቱ ሸርጣን ነበር። ፍሌይ መከራውን አየ፤ ጣቱን ቆረጠ፣ በረጠበው ወለል ላይ ኤሌክትሪክ ያዘው። እንዲያም ሆኖ ጨረሰ። ሰዓቱ ሲያልቅ ከደስታው ብዛት መክተፊያው ላይ ወጥቶ ቆመ፣ እጁን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ። ሞሪሞቶ ይህን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ይህ ሰው ሼፍ አይደለም አለ፤ መክተፊያ ለእሱ ክቡር ነገር ነው። ያን ግጥሚያ ሞሪሞቶ አሸነፈ። በ2001 ጃፓን ውስጥ በተደረገው መልስ ግጥሚያ ፍሌይ አሸነፈና እንደገና ጠረጴዛው ላይ ወጣ፤ በዚህኛው ግን መክተፊያውን አስቀድሞ ወርውሮታል። ሰዎች ይህን እንደ ቀልድ ያነሱታል። እኔ ከሞሪሞቶ ጋር ነኝ፤ በእኛ ወጥ ቤት መክተፊያ ላይ ስልክ ያስቀመጠ እንኳን ወቀሳ ይሰማል። ሆኖም ያን ስድሳ ደቂቃ በቆሰለ ጣት የጨረሰን ሰው መፍረድም ይከብደኛል። ጫና የያዙትን ሁሉ ያስለቅቃል፤ አንዳንዴ ጨዋነትንም ጭምር።

ባለፈው ሰኞ ደግመን ሞከርን። ልጅቷ ቅርጫቴን በፎጣ ሸፍና ከዕቃ ቤቱ ይዛ መጣች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ሰዓቱ «ጢጥ» ሲል ቅርጫቱን ሳልከፍት ቀጥ ብዬ ወደ ቧንቧው ሄድኩ፤ ትልቁን ድስት ሞልቼ ጣድኩት፣ ኦቨኑን አበራሁ። በራሴ ረክቼ ተመለስኩና ፎጣውን ገለጥኩ።

ሐብሐብ። ናና። የረጋ ክሬም፣ በበረዶ ደንጊያ የሆነ። ሎሚ።

አንዱም እሳት አይፈልግም። ድስቱ ከኋላዬ ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ሲንተከተክ፣ የጥብሱ ልጅ እየደጋገመ «ሼፍ፣ ውሃዎ ፈልቷል» ሲለኝ ቆየ። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ግን ክሬሙን ቁራጭ ቁራጭ አድርጌ ላወጣው ስል ቢላዋው አልገባ አለኝ። ዞር አልኩ፣ ቢላዋውን እስከ እጀታው ድረስ የፈላው ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ በፎጣ ጠረግኩት፣ ቆረጥኩ። እንደ መስተዋት ለስልሶ ወጣ።

ሳህን አጣቢው መጥቶ ድስቱን አየ፣ ሳህኑን አየ። «ይህን ሁሉ ውሃ ለአንድ ቢላዋ?» አለኝ።